ኦዞን ሌላ፣ የምድር መሞቅ ሌላ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ አየር ንብረት ባወጣችሁት ጽሁፍ ውስጥ የኦዞን ሽፋን ስለተቀደደ የፀሐይ ሙቀት በቀዳዳው እየገባ ምድርን እያጋያት ነው የሚል ነገር አነበብኩና ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ይሄን ስህተት ስሰማ የመጀመሪያዬ አደለም፣ ግን ጋዜጣ ላይ ሲታተም ተማሪው እንዳለ ይዞት ፈተና ይገባል፣ ስለዚ እባካችሁ አስተካክሉት።

የምድር መሞቅና የኦዞን መሳሳት ጋዛቸውም የሚሆኑበት ከፍታም ይለያያል። ደረቅ አየር 78 ፐርሰንቱ ናይትሮጅን፣ 21 ፐርሰንቱ ደግሞ ኦክሲጅን ነው፣ ከምትቀረው 1 ፐርሰንት ውስጥ 0.93ቱን ማንም ስሙን የማያነሳው አርገን ይዞታል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1 ሚሊዮን ሞለኪውል ውስጥ 420 ምናምን ብቻ ነው። ይቺ ምን ታመጣለች የሚል ሰው ብዙ ነው። ግን እኮ ናይትሮጅንም ኦክሲጅንም ከምድር ወደ ላይ የሚወጣውን ሙቀት አይዙትም፣ ዝም ብለው ያሳልፉታል፣ የሚይዙት የውሃ ትነት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሚቴንና የመሳሰሉት ናቸው፣ እነሱ ባይኖሩ የምድር አማካይ ሙቀት አሁን ካለበት 15 ዲግሪ አካባቢ ወርዶ ከዜሮ በታች 18 ገደማ ይሆን ነበር። ችግሩ መብዛታቸው ነው። እ.ኤ.አ በ1958 ሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት ሲጀመር ያቺ 420 ያልኳት ቁጥር 315 አካባቢ ነበረች።

ኦዞን ግን ሌላ ታሪክ ነው። እኛ የምንኖርበት የታችኛው ንብርብር፣ ትሮፖስፌር፣ ደመናውም ዝናቡም ያለበት ነው፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየኪሎሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከዛ በላይ ስትራቶስፌር ይጀምርና እስከ 50 ኪሎሜትር ድረስ ነገሩ ይገለበጣል፣ ከፍ ሲሉ ይሞቃል። ይሄን ንብርብር ያገኘው ፈረንሳዊው የአየር ሁኔታ ተመራማሪ ቴስራን ደ ቦር የሙቀት መለኪያ የያዘ ከ200 በላይ ፊኛ ልኮ ነው፣ ፀሐይ መሳሪያዬን አሙቃብኝ ይሆን ብሎ ሌሊት ሁሉ እየላከ አረጋግጦ እ.ኤ.አ በ1902 አሳወቀ (እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ደስ ይለኛል)። ስትራቶስፌር የሚሞቀው፣ እዛ ያለው ኦዞን የሚባለው ጋዝ አልትራቫዮሌት የሚባለውን ጎጂ የፀሐይ ጨረር እዛው ስለሚውጠው ነው። ኦዞኑ በሙሉ ተሰብስቦ መሬት ላይ ባለው ግፊት ቢነጠፍ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ እሱ ነው እንግዲህ የሚጠብቀን። 

ቀዳዳ የሚባለውም በየዓመቱ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ አንታርክቲካ ላይ የሚመጣ መሳሳት ነው፣ እ.ኤ.አ በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት፣ ያመጣው ፍሪጅና ስፕሬይ ውስጥ የነበረው ሲኤፍሲ የሚባለው ጋዝ ነው፣ እ.ኤ.አ በ1987 እሱን ለማስቀረት የሞንትሪያል ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ጋዙ ቀስ በቀስ እየቀረ ሽፋኑ እያገገመ ነው። ኦዞን ሲሳሳ የሚገባው አልትራቫዮሌት ነው፣ የቆዳ ካንሰርና የዓይን ሞራ ያመጣል፣ ምድርን የሚያሞቃት ግን እሱ አደለም። እርግጥ ሲኤፍሲ ራሱ ሙቀት ይይዛል፣ ግራ መጋባቱ አንዱ ከዚህ ይመጣል ብዬ አስባለሁ።

ጸሐፊያችሁ ካልተዋጠለት ይሄን ያስብልኝ፣ ላለፉት አስርት ዓመታት የታችኛው አየር ሲሞቅ ስትራቶስፌር እየቀዘቀዘ ነው የመጣው። ከፀሐይ የሚመጣው ሙቀት ቢጨምር ኖሮ ሁለቱም ይሞቁ ነበር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ግን ታች ሙቀቱን ያቆየዋል፣ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀቱን ወደ ህዋ ይለቀዋል።

ማስተካከያውን ስታወጡ ታች ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል አታድርጉት፣ ጽሁፉ የወጣበት ገጽ ላይ በዛው መጠን ይውጣ።

አክባሪ አንባቢያችሁ