የውሮ መርፌና ያንቺ ጾም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ ልልሽ ነበር፤ መልሱን ግን አውቀዋለሁ፦ «ተመስገን፣ ምንም አልል»። በስልክም የምትይኝ ይህንኑ ነው፤ ከዚያ ወዲያው የጎረቤት ሰርግ ወሬ ታመጫለሽ። ወረቀት ያነሣሁት ለዚህ ነው። ወረቀት ላይ ወሬ መለወጥ አትችዪም።

የሲሪንጁን ነገር ላስቀድም። ባለፈው እሑድ «ያ የድመቱ መርፌ ከተረፈሽ ላኪልኝ፣ እዚህ ተወዷል» አልሽኝ። እሺ ብዬ ካርቶኑን አውጥቼ ነበር፤ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳነብ ክው አልኩ። የድመቴ የውሮ ኢንሱሊን፣ ያው የስኳር መድኃኒቱ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 40 ዩኒት ያለው ነው፤ ያንቺው 100 አለው። ሲሪንጁም የሚሰመረው በዚያው ልክ ነው። አንቺ ጠዋት 20 ትወጊያለሽ፤ በድመቱ ሲሪንጅ 20 ላይ እስኪደርስ ብትቀጂ ሰውነትሽ ውስጥ የሚገባው 50 ነው። እማዬ፣ 50! የሱ ክዳን ቀይ ነው፣ የላክሁልሽ ደግሞ ብርቱካንማ። ግን ክዳኑን አትመኚ፤ መነጽርሽን አድርገሽ ጎኑ ላይ 100 የሚለውን ፈልጊ።

«ድመትም ስኳር ይይዘዋል እንዴ?» ብለሽ እንባሽ እስኪመጣ ስቀሽ ነበር። ይይዘዋል። የወፈረ፣ የተኮላሸ፣ ከቤት የማይወጣ ወንድ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል፤ ውሮ ሁሉንም አሟልቷል። እናንተ ጋ ያለችው አይጥ ስታሳድድ ትውላለች፤ የኔው ሶፋ ላይ ተዘርሮ ደረቅ ምግብ ሲቆረጥም 8 ኪሎ ገባ። መጀመሪያ ውኃ አበዛ። ቀጥሎ እየበላ ከሳ። በኋላማ የኋላ እግሮቹን እስከ ተረከዙ መሬት ላይ እየጣለ እንደ ጥንቸል ይሄድ ጀመር። ሐኪሟ ስኳሩ ነርቩን ነክቶት ነው ስትለኝ፣ አንቺ «እግሬን ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛል» ስትዪኝ «ብርድ ይሆናል» ብዬ ያለፍኩት ትዝ አለኝና አፈርኩ። እባክሽ ለሐኪምሽ አሳዪው።

ውሮን የምወጋው በቀን ሁለቴ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11፡30፣ ከዚያ አመሻሽ 11፡30። መጀመሪያ ምግቡን አስቀምጥለታለሁ፣ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ሲበላ አያለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው መርፌው። ይህን ቅደም ተከተል የተማርኩት ግን በደንቡ አይደለም። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ከሥራ ዘግይቼ ገባሁ። ሳህኑን አስቀምጬ፣ የጎኑን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ወጋሁትና ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። ለካ አሽትቶ ትቶት ሄዷል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከሶፋው ሊወርድ ሲል ወደቀ። እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፤ ዓይኑ ወደኔ ዞሯል፣ እኔን ግን አያየኝም። የጆሮውን ጫፍ ወግቼ ስኳሩን ብለካው 41፣ እጅግ ወርዷል። ማር በጣቴ ድዱ ላይ ቀባሁለት፤ አፉ ውስጥ ቢያፈሱት ያንቀዋል። ከዚያ በፎጣ ጠቅልዬው ሌሊት ወደሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ቤት በረርኩ። ሊነጋጋ ሲል ነፍስ ዘራ። ኢንሱሊን በልቷል አልበላም ብሎ አይጠይቅም፤ ከገባ ሥራውን ይሠራል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ሌሊት አንቺን አላሰብኩሽም። ያሰብኩሽ ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ሲነግረኝ ነው፦ ዓርብ ከቅዳሴ ስትወጪ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ መውደቅሽን፣ ላብ በላብ ሆነሽ ጎረቤት ስኳር በውኃ በጥብጣ እንዳጠጣችሽ። ለኔ «ፀሐይ መታኝ» ነበር ያልሽኝ።

ፀሐይ አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ትወጊያለሽ፤ ሁዳዴ ነውና እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምሺም። ያ ወተት የሚመስለው ድፍርስ ኢንሱሊንሽ ጉልበቱ የሚበረታው ከተወጋሽ አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። እንግዲህ ቁጠሪው፦ ከ4 ሰዓት ጀምሮ ባዶ ሆድሽ ላይ እየሠራ ነው፣ አንቺ ቅዳሴ ቆመሻል። እኔ ድመቴ ምግቡን ላሰ አላሰ ብዬ ጎንበስ ስል እዚህ ገና ንጋት ነው፣ እናንተ ጋ ግን ከቀኑ 7፡30። ለሱ ስሳቀቅ አንቺ ገና ጾም ነሽ።

ጾምሽን ፍቺ አልልሽም፤ ማን ሆኜ? ብቻ አያታችን በታመሙ ጊዜ፣ በጾም፣ ወተት ይዘሽ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ «በሽተኛ ጾም የለበትም» ስትዪያቸው ሰምቼሻለሁ። ለንስሐ አባትሽ ያንኑ ስለራስሽ ንገሪያቸው። ሐኪሙንም «ጾመኛ ነኝ» በዪው፤ ሰዓቱንና መጠኑን የሚያስተካክለው እሱ ነው። በራስሽ እንዳትቀንሺ፣ እንዳታቆሚም። ሽሮውንና ምስሩን ማንም አልከለከለሽም፤ ጣጣው ሰዓቱ ላይ ነው። መወጋትሽን ከተጠራጠርሽ ደግሞ አትድገሚ። መብራት ከጠፋ ብልቃጡን እርጥብ አሸዋ ባለው እንስራ ውስጥ አቆዪው፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ግን ይጣላል። ቀሚስሽ ኪስ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ፣ ቅዳሴም ላይ ቢሆን።

ከድመት ተምራ ልታስተምረኝ ነው ብለሽ እንዳትስቂ። ፈረንጆቹ በ1921 ቶሮንቶ ላይ ኢንሱሊንን ሲያገኙት መጀመሪያ የሞከሩት ውሻ ላይ ነው።

ለውሮ ደብተር አለኝ፤ ሰዓት፣ የበላው፣ ቁጥሩ። ከዛሬ ጀምሮ አጠገቡ ላንቺ አንድ መስመር አስምሬያለሁ። ድመቱን ወግቼ እንደጨረስኩ በየቀኑ እደውላለሁ፤ «ምን በላሽ፣ ስንት አሳየ?» እልሻለሁ። «ደህና ነኝ» ቁጥር አይደለም።

ከሲሪንጁ ጋር 100 የስኳር መለኪያ ስትሪፕ አለ። ለጎረቤቶችሽ እንዳታድዪው። እንደምታድዪው አውቃለሁ፤ እንግዲያው ግማሹን እንኳ አስቀሪ።

ልጅሽ