ገናን መንዝ ስለማሳለፍ

ቤተሰብ፣ ዘንድሮ ገና አባባ ጋ ነን። የምትሄዱትን ልወቅ። ታኅሣሥ 27 ከንጋቱ 11 ሰዓት ላምበረት መናኸሪያ እንገናኝ።

የመንዝን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ጋቢና ወፍራም ካልሲ ያዙ። ባና አለ ብላችሁ እንዳትመጡ፤ ትልቁን አባባ ለአዲሶቹ ግልገሎች አንጥፈውላቸዋል። አንዷ በግ መንታ ወልዳ ወተቷ ስላልበቃ እማማ አንዱን በጡጦ እያጠቡት ነው። ጡጦው ስለተቀደደ ሁለት አዲስ እገዛለሁ። በጎቹ የሚሰማሩት አመዳዩ ሲረግፍ ነው፤ በረት ጠረጋው ግን ከዚያ በፊት ስለሆነ ተራ እናወጣለን። እንግዳ ነኝ ማለት የለም!

አንድ የምንወስነው አለ። ካሉት ሁለት ሙክቶች አንዱ ለገና ይታረዳል። ሌላው ከበዓሉ በፊት ይሸጥ ወይስ ለጥምቀት ይቆይ? እኔ ይሸጥ ባይ ነኝ፤ ከገና ማግስት ገበያው ይቀዘቅዛል።

እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ መልሱልኝ። ላይክ መልስ አይደለም።