ከ500 በላይ

ቀጮ፣ እንዴት ነህልኝ?

ስድቡን መጀመሪያ ልቀበል። ሁለት ዓመት ጠፋሁ፣ አንተም ጠፋህ፣ ይቅር እንባባል። ባለፈው ሳምንት «እንኳን ለሥራ ዓመትህ አደረሰህ» የሚል መልእክትህ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ልሞት ነበር። ቆይቼ ሳየው ቃሉ የባለሙያዎች መገናኛው ሊንክድኢን ራሱ አዘጋጅቶ የሚያቀርበው ነው፤ አንተ ቁልፉን ብቻ ነው የነካኸው። አልተቀየምኩም፣ እኔም አምና ላንተ ያንኑ ነክቻለሁ። ግን ሐዋሳ አሞራ ገደል ከአንድ ሳህን ዓሳ የበላን ሰዎች በማሽን አፍ እንኳን ደስ ያለህ መባባላችን ትንሽ አሳፈረኝ።

የት ጠፋህ ካልከኝ እዚያው ሊንክድኢን ላይ ነበርኩ። ያቺ የፔንሲዮን ክፍል ማስያዣ ድረ ገጼ፣ አንተ እያለህ በ6 ፔንሲዮን የጀመረችው፣ አሁን 43 ደርሳለች። ሥራህ ሲያድግ ከባለሙያ ጋር ተዋወቅ አሉኝ፣ ገባሁ። ጠዋት ቡናዬን ይዤ እከፍታለሁ፣ ለማላውቀው ሰው ጥያቄ እልካለሁ፣ ይቀበለኛል፣ ቁጥሩ ይጨምራል። 500 ሲያልፍ ገጽህ ላይ መቁጠሩን ይተውና «ከ500 በላይ» ብሎ ያቆማል፤ ከዚያ 501 ሁን 9 ሺህ ሁን ገጽህን ላየ ሰው አንድ ነው። እኔ እዚያ ለመድረስ ሦስት ወር ፈጀሁ። ስደርስ የተሸለምኩ መሰለኝ እኮ! ማይክሮሶፍት በፈረንጅ 2016 ሊንክድኢንን በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ይሄን ስሜት ይሆን እንዴ የገዛው?

ከዚያ ታኅሣሥ መጣ። በገብርኤል ዋዜማ ሐዋሳ ምን እንደምትመስል አንተ ታውቃለህ። ከየቦታው ሰው ይጎርፋል፣ አልጋ የለም፣ ባጃጅ ዋጋ ይቆልላል። በዚያ ምሽት ድረ ገጿ ተኛች። እኔ ምን እያደረግኩ ነበር? ድረ ገጽ ብዙ ሰው እንዲችል ስለማድረግ ፖስት እየጻፍኩ። ሙት!

መጀመሪያ የታየኝ ትልቅ ሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጿ የምትቀመጥበትን ኮምፒውተር፣ መከራየት ነው። ሰርቨር ደግሞ በዶላር ነው፤ በእኛ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 አልፎ፣ የድሮው ትንሹ ሰርቨር ራሱ እጥፍ ሆኖብኛል። ድህነት ጠቀመኝ በለው፤ ብር ስላልነበረኝ የራሴን ኮድ ቁጭ ብዬ ለማንበብ ተገደድኩ።

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር። ከነዚያ ከ500 በላይ ሰዎች አንዱ፣ ናይሮቢ ያለ፣ ፖስቴን አንድም ቀን ላይክ አድርጎ የማያውቅ ልጅ፣ «ሎጉን ላክልኝ» አለኝ፤ ሰርቨሩ የሠራውን የሚጽፍበትን መዝገብ ማለቱ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ችግሩን አገኘው። ኮዴ 40 ክፍል ለማሳየት ዳታቤዙን፣ የክፍሎቹን መረጃ ማከማቻ፣ 41 ጊዜ ይጠይቃል፤ አንዴ ለዝርዝሩ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ክፍል ለብቻ። ጥያቄውን ወደ አንድ አመጣነው፣ በቀን የሚፈለግበትን ዓምድ፣ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ቶሎ እንዲገኝ፣ ኢንዴክስ አደረግንለት፣ በስልክ የተነሱትን ግዙፍ ፎቶዎች አሳነስናቸው። ያው አሮጌ ሰርቨር ሳል እንደለቀቀው ሰው ተነሳ። ስለዚህ ሊንክድኢንን ጭራሽ አይረባም ብዬ ልሰድበው አልችልም፤ ግን ልጁን ያመጣልኝ ያ የምክር ፖስቴ አልነበረም፣ ድረ ገጿ ስትተኛ እዚያው «ሞቻለሁ፣ እርዱኝ» ብዬ መጻፌ ነው።

ዋናው ጉድ ግን ጠዋት ነው የመጣው። ድረ ገጿ ስትድን ሰው ክፍል ያዘ፣ በቴሌብር ከፈለ፣ ሻንጣውን ይዞ ሄደ፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ተኝቷል! ታቦር ተራራ ግርጌ ያሉት ባለ ፔንሲዮን እናት የሚያምኑት ደብተራቸውን ነው። ማታ አንድ ቤተሰብ በእግሩ መጣ፣ ጥሬ ብር አወጣ፣ ሰጡት። «ልጄ፣ በር ላይ የቆመን ሰው ስልክ ውስጥ ላለ ሰው ብዬ ልመልስ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ነጭ ለብሰው የቆሙትን እንግዶች በባጃጅ ጭኜ አልጋ ፍለጋ ስዞር ዋልኩ፤ ሦስቱን የማታ ማታ ቤቴ አሳደርኩ። ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ነው የሰማሁት።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሊንክድኢን አልከፍትም። ለባለ ፔንሲዮኖቹ እደውላለሁ፣ «እማማ፣ ስንት አልጋ አለዎት?» እላለሁ፣ የነገሩኝን ራሴ አስገባለሁ። 43 ስልክ ነው። 100 ቢሆኑ እንዴት እንደምችለው አላውቅም፣ ሰው መቅጠር ሳይኖርብኝ አይቀርም። ናይሮቢ ያለው ልጅ በቴክስት ይላኩልህ ይላል፤ እማማን አያውቃቸውም።

አንተስ? ሥራ ቀየርክ አሉ፣ እሱንም ያየሁት እዚያው ነው። ሐምሌ 19 ብትመጣ የዓሳ ሾርባው በእኔ። ክፍል ግን በድረ ገጿ እንዳትይዝ፣ እኔ ጋ ነው የምታድረው።