ክፍያው ቀረ፣ የቤት ኪራዩስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ 10ኛ ክፍል የትምህርት ክፍያ ቀርቷል። ይህ ለሴቶች ልጆች ብዙ ጠቅሟል፤ ገንዘብ ያጠረው አባት አንዱን ብቻ አስተምር ቢባል ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ወንዱን ነውና። ይሁን እንጂ በጅማ ዙሪያ ወረዳዎች ልጅቷን ከ9ኛ ክፍል የሚያስቀራት ወጪ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው አይደለም።

አንደኛ ደረጃው በቀበሌዋ አለ፤ ሁለተኛ ደረጃው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ነው። ከማና ወይም ከጎማ ወረዳ ገጠር የምትመጣ ልጅ ወይ በእግሯ ትመላለሳለች፣ ወይ ከጓደኞቿ ጋር ክፍል ትከራያለች፣ ወይ ዘመድ ትጠጋለች። ዘመድ ቤት ነፃ ይመስላል። ውኃ መቅዳቱ፣ እንጀራ መጋገሩ፣ ሕፃን ማዘሉ ግን የእሷ ነው፤ ደብተር የምትገልጠው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። የተከራየችዋ ዓርብ ለስንቅ ወደ ቤቷ ትሄድና ሰኞ የመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜያት ያመልጧታል። ስንቁ ሐሙስ ሲያልቅ ደግሞ ዓርብም ትቀራለች። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ሲደርስ መቅረቱ ይብሳል፤ ከሁሉ በፊት የሚያመልጣት ሒሳብ ነው፣ ያለፈውን ምዕራፍ ሳይይዙ ቀጣዩን መከተል አይቻልምና።

ያለ ተጨማሪ በጀት የሚስተካከለው ፈረቃው ነው። የከሰዓቱ ፈረቃ 11 ሰዓት ቢለቀቅ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ያላት ልጅ ቤቷ የምትደርስ ምሽት 1 ሰዓት ነው፤ ያኔ ጨልሟል። ወላጅ «ይቅርብሽ» የሚለው፣ የጋብቻ ጥያቄም ጆሮ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ጋብቻን ከ18 ዓመት በፊት ይከለክላል፤ ሆኖም ትምህርት ያቋረጠችን ልጅ የሚከታተላት የለም። ፈረቃ በርቀት ቢደለደል፣ ሩቅ ያሉት ሴቶች ሁሉ ጠዋት ይገባሉ።

ሁለተኛው መፍትሔ በትምህርት ቤቱ ግቢ የሴት ልጆች ማደሪያ ነው። 7 በ8 ሜትር የሆነ አንድ መማሪያ ክፍል 12 ተደራራቢ አልጋ፣ ማለትም 24 ልጆች ይይዛል። እህሉን ቤተሰብ ያመጣል። ችግሩ አልጋ ተገዝቶ ማብሰያ፣ ጥበቃና ሴት ተቆጣጣሪ ሲረሱ ነው፤ እንዲህ የተከፈተ ማደሪያ ወላጅ አያምነውም፣ ባዶውን ይቀራል።

ሞዴስም አለ። ለአንድ የወር አበባ ባለ 8 እሽግ አንዱ አይበቃም፤ ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል። በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ መቀየር ስላለበት፣ ውኃና መዝጊያ የሌለው መጸዳጃ ቤት ባለበት ግቢ ሞዴሱ ብቻውን ልጅቷን ክፍል አያቆያትም። ለዚህ የሚመደብ ገንዘብ ካለ ከቧንቧና ከበር መቀርቀሪያ ይጀመር።

የፈረቃ ድልድል የሚሠራው ትምህርት ሳይጀመር ነው። ስለዚህ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በምዝገባው ቅጽ ላይ ሁለት ነገር ያስጨምሩልን፦ የልጅቷ ቀበሌና ትምህርት ቤት ለመድረስ በእግር የሚፈጅባት ሰዓት።

የሁለተኛ ደረጃ መምህራን
ከጅማ