የክሩገር የዱር ውሾች

ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብዙ ጊዜ ተጠፋፋን። ዛሬ የምጽፍልህ አንድ ነገር ሲያንገበግበኝ ስለከረመ ነው፤ ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና አብረን የተማርን ሰው ቶሎ ይገባሃል።

እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ክሩገር ፓርክ ውስጥ የከብት ቲቢ አለ። ያስገቡት የእርሻ ከብቶች ናቸው። በደቡብ በኩል፣ ክሮኮዳይል ወንዝ ዳር ከሚግጡት ወደ ጎሾቹ ተሻገረ። ጎሾቹ ላይ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ አንበሶቹ ላይ ደግሞ በ1995። አንበሳ የደከመውን ጎሽ ይጥልና ሳንባውን ከነቁስሉ ይበላል። ከዚያ እሱም ይከሳል፣ ክርኑ ያብጣል፣ ያነክሳል።

የኔን ልብ የሰበሩት ግን የዱር ውሾቹ ናቸው። በመላው አፍሪካ የቀሩት 6,600 ገደማ ቢሆኑ ነው። ጎሽ አያድኑም ማለት ይቻላል። ግን አጋዘኑም ከርከሮውም በሽታውን ይዞታል። አንዳንዱ አጋዘን ከጆሮው ሥር አብጦ መግል ይወርደዋል፤ እያየኸው በሽታው ተጽፎበታል።

አዳኞቹ ጠግበው ሲመለሱ ቡችሎቹ አፋቸውን እየላሱ ይለምኗቸዋል። እነሱም የዋጡትን ሥጋ መልሰው ያወጡላቸዋል። ቡችሎቹን ጉድጓዳቸው ዘንድ ስትጠብቅ የቀረችውም፣ የቆሰለውም ድርሻው ይደርሰዋል። እንዲህ የሚተሳሰብ የዱር አውሬ ብዙ አላውቅም። የምፈራውም ይህንኑ ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄደው ሥጋ ብቻ ላይሆን ይችላል። ደማቸው ሲመረመር ብዙዎቹ ተይዘው ተገኝተዋል። የተያዘ ሁሉ ይታመማል ማለት እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። በአጥር የታጠሩት ትንንሽ ፓርኮች ውስጥ ያሉት ውሾች በዘመድ እንዳይዋለዱ ከቦታ ቦታ ይዛወራሉ። እንግዲህ ተይዞ ያልታወቀ አንድ ውሻ ንጹሕ ቦታ ቢገባስ? ምርመራውም ቀላል አይደለም። ላም ብትሆን አንገቷ ላይ የምርመራውን መርፌ ወግተህ ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱን ታነባለህ። የዱር አውሬን ግን ለሁለተኛ ጊዜ ፈልገህ ማደንዘዝ አለብህ። ለዚህ ነው ተመራማሪዎቹ የደም ምርመራውን የያዙት። ሜዳ ላይ የሚሮጥ መንጋን ለወራት መድኃኒት ማዋጥ ደግሞ የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ በሽታውን ማስቆም የሚቻለው ከብቱ ላይ ነው እላለሁ፤ ይህ ደግሞ ያንተ ሥራ ነው። አገራችን ውስጥ በሽታው የሚበዛው በፈረንጅና በዲቃላ ላሞች ላይ ነው። አዋሽ ፓርክን አስበው፤ አንበሳውም ከብቱም እዚያው ነው የሚውለው። ከአዲስ አበባ ዙሪያ ወደ ገጠር የሚሸጡት ጊደሮች ሳይመረመሩ ነው የሚሄዱት? እናንተ ጋ ገዢው ይጠይቃል? ያየኸውን ሳትደብቅ ጻፍልኝ።

እናትህን ሳምልኝ።