ለአዋላጅ ነርሶች በሙሉ፦ የቅዳሜው ስብሰባ

ውድ ባልደረቦች፣

በመጪው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በእናቶች ማቆያ ክፍል እንሰበሰባለን። ዓላማው ተደፍራ ወደ እኛ የምትመጣ ሴት ከበር ጀምሮ ማን እንደሚቀበላትና የት እንደምትታይ መወሰን ነው።

እንዲህ ያለች ሴት ብዙ ጊዜ የደረሰባትን ተናግራ አትገባም። «የወር አበባዬ ቀረ» ወይም «ሆዴን አመመኝ» ትላለች፤ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። ያንን ማስተዋል የእኛ ሥራ ነው። «ካርድ አውጪና ጠብቂ» ብለን ከሸኘናት ላትመለስ ትችላለች። ጊዜው ደግሞ አጭር ነው፦ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ በቶሎ ሲወሰድ ግን የበለጠ ይሠራል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ከጥቃቱ አርግዛ ጽንሱ እንዲቋረጥላት ከጠየቀች፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 552 መሠረት የእርሷ ቃል ብቻ በቂ ነው። የፖሊስ ደብዳቤ እንድታመጣ ልንጠይቃት አይገባም።

ቅዳሜ የምንወስነው ሁለት ጉዳይ ነው፦ በሯ የምትዘጋ ክፍል የትኛዋ ትሁን? የመድኃኒት ሣጥኑ ቁልፍስ ሌሊት በማን እጅ ይደር? የምትጠቀሙበትን የምርመራ ቅጽ ይዛችሁ ኑ። በውይይቱ ላይ የታካሚ ስም አይነሣም።

መምጣታችሁን፣ ተረኛ ከሆናችሁም ሐሳባችሁን፣ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።