ሳጥኑ ከመታሰሩ በፊት ካራቫኑ ይመዘን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በአነስተኛ ካራቫኖች፣ ማለትም በመኪና በሚጎተቱ ተንቀሳቃሽ ማረፊያ ቤቶች፣ ውጫዊ አካል ላይ ተጨማሪ የዕቃ ማስቀመጫ ስለ መግጠም በቅርቡ በጋዜጣችሁ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ስለ ሳጥኖቹ ዓይነት፣ ስለ ቁልፋቸውና ዝናብ ስለ መቋቋማቸው በቂ ማብራሪያ ሰጥቷል፤ ሳጥኑ የት ቢታሰር ካራቫኑ መንገድ ላይ ምን እንደሚሆን ግን አንድም ቃል አልተናገረም። በብየዳና በሻንሲ ጥገና ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝና ይህ ዝምታ በእጅጉ ያሳስበኛል፤ ስለሆነም የሚከተለውን ሐሳብ ለአንባቢያን እንድታደርሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የቦታ ጥበት እውነተኛ ችግር ነው። የውኃ ቱቦ፣ የፍሳሽ ማስወገጃ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከጎማ ሥር የሚገቡ ጣውላዎችና የሚታጠፉ ወንበሮች ከአልጋና ከምግብ አጠገብ መቀመጥ የለባቸውም፤ የቆሸሸና የረጠበ ዕቃ ውጭ የራሱ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ሳጥን መጨመሩን አልቃወምም። የምለው፣ ሳጥን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ካራቫኑ ስንት ኪሎ ግራም ሊጨመርበት እንደሚችል፣ ያም ክብደት ከአክስሉ (ጎማዎቹ ከሚታሰሩበት አግዳሚ ብረት) ፊት ወይም ከአክስሉ ኋላ ሲያርፍ ምን እንደሚያስከትል ይወቅ ነው።

ካራቫኑ ከነጭነቱ ሊመዝን የሚችለው የመጨረሻው ክብደት አምራቹ በለጠፈው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከዚህ ላይ ካራቫኑ በአሁኑ ጊዜ በእርግጥ የሚመዝነው ሲቀነስ የሚተርፈው፣ በተለይ በትናንሾቹ ላይ፣ ባለቤቱ ከሚገምተው እጅግ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን 80 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሲሞላ ብቻውን 80 ኪሎ ግራም ይወስዳል፤ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ባትሪውና በጎን የሚዘረጋው ጥላም ከዚያው ድርሻ የሚቀነሱ ናቸው። ሳጥኑ ራሱ ባዶውን ክብደት እንዳለውና እሱም እንደ ጭነት እንደሚቆጠር ብዙ ሰው ይዘነጋል።

ከክብደቱ መጠን ይልቅ የሚያርፍበት ቦታ የበለጠ አስፈላጊ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳ። ለጉዞ ተጭኖ 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ከአክስሉ ከመኪናው ጋር እስከሚያያዝበት መጋጠሚያ ድረስ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ካራቫን አለ እንበል። መጋጠሚያው በመኪናው የመጎተቻ ኳስ ላይ 132 ኪሎ ግራም ይጫናል፤ ይህም ከጠቅላላው ክብደት 11 በመቶ ነው። አሁን ከአክስሉ 2.5 ሜትር ወደ ኋላ፣ በፓራውልቱ ላይ፣ ብስክሌቶችና መያዣቸው በድምሩ 60 ኪሎ ግራም ታሰሩ። ካራቫኑ በአክስሉ ላይ እንደ ሚዛን ክንድ ስለሚሠራ ከኋላ የወረደው ክብደት የፊቱን ያነሳዋል፤ 60 በ2.5 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 37.5 ኪሎ ግራም ከመጋጠሚያው ላይ ይነሳል ማለት ነው። በኳሱ ላይ የሚቀረው ጫና 94.5 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከአዲሱ ጠቅላላ ክብደት 7.5 በመቶ ብቻ ይሆናል። አክስሉና ጎማዎቹ ደግሞ የሚሸከሙት የተጨመረውን 60 ሳይሆን 97.5 ኪሎ ግራም ነው።

በሰሜን አሜሪካ ለሚሠሩ ካራቫኖች በተለምዶ የሚመከረው የመጋጠሚያ ጫና ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። በአውሮፓ የሚፈቀደው መጠን ዝቅ ያለ ስለሆነ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ካራቫንና የመኪናውን መመሪያ መከተል ይኖርበታል። ጫናው ከሚገባው በታች ሲወርድ ካራቫኑ በፍጥነት ሲጓዝ፣ ቁልቁለት ሲወርድ ወይም ትልቅ የጭነት መኪና በጎኑ ሲያልፍ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ውዝዋዜው ካየለ መኪናውንም ይዞት ይሄዳል። ፊትና ኋላ እኩል ጭኖ ሚዛኑን መጠበቅም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ከአክስሉ ርቆ በሁለቱም ጫፍ የተቀመጠ ክብደት አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ ለማቆም አስቸጋሪ ነውና። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ፣ ለአክስሉ ቀርቦ፣ ትንሽ ወደ ፊት ያዘነበለ ቦታ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል።

ወደ ሙያዬ ልመለስና፣ እኔ ዘንድ ለጥገና ከሚመጡት ጉዳቶች ውስጥ ሁሌም የሚያሳዝነኝ የኋላ ፓራውልት ስንጥቅ ነው። በብዙ ተጎታቾች ላይ ይህ ፓራውልት ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ስስ ብረት ሲሆን፣ ዋና አገልግሎቱም የፍሳሽ ቱቦን በውስጡ መያዝ ነው። ጭነት እንዲሸከም ታስቦ አልተሠራም። ወደ ኋላ የወጣ መደርደሪያ ሲታሰርበት መንገዱ ባንገጫገጨ ቁጥር ብረቱን ይጠመዝዘዋል፤ ጉዳቱም የሚጀምረው ፓራውልቱ ከሻንሲው ጋር ከተበየደበት ጠርዝ ነው። መጀመሪያ ቀለሙ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ይሰነጠቃል፤ ቀጥሎ በመስመሩ ላይ ቡናማ ዝገት ይታያል። ያን ዝገት ያየ ሰው ጭነቱን ወዲያው አውርዶ ወደ ባለሙያ ይሂድ። ከኋላ የግድ መጫን ካለበትም መሸከሚያው ከፓራውልቱ ጋር ሳይሆን በቀጥታ ከሻንሲው ዋና ብረቶች ጋር ይያያዝ፤ የኋላ መብራቶችን፣ ፍሬቻንና ታርጋንም አይሸፍን።

ለአብዛኞቹ ትናንሽ ካራቫኖች የተሻለው ቦታ የፊቱ የመጎተቻ ክንድ ነው። በዚያው በጠቀስኩት ካራቫን ላይ፣ ከመጋጠሚያው 0.8 ሜትር ወደ ኋላ፣ ከነዕቃው 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሳጥን ቢታሰር ከዚህ ውስጥ 24ቱ በመጋጠሚያው፣ 6ቱ በአክስሉ ላይ ያርፋል። ጫናውም 156 ኪሎ ግራም፣ ወደ 12.7 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ ለካራቫኑ መልካም ቢሆንም የመኪናው መጎተቻ የሚፈቅደውን ሊያልፍ ስለሚችል እሱም መታየት አለበት። ከዚያ ሌላ፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ የኋላ ማዕዘኑ ሳጥኑን እንዳይነካ በዝግታ እየዞሩ መለካት፣ የክሪኩ እጀታ እንደ ልብ መዞሩን፣ የደኅንነት ሰንሰለቶቹና ካራቫኑ ቢላቀቅ ፍሬን የሚያስይዘው ሽቦ አለመጨናነቃቸውን ማየት ያስፈልጋል።

ሻንሲውን በትራፓኖ ስለ መብሳትም አንድ ነገር ልበል። ጭነት ሲያጎብጠው በብረቱ ላይ ትልቁን ኃይል የሚሸከሙት የላይኛውና የታችኛው ጠርዞቹ ስለሆኑ እዚያ ላይ የሚበሳ ቀዳዳ ሻንሲውን ያዳክመዋል። አንዳንድ አምራቾች መብሳትንም መበየድንም ጨርሶ ይከለክላሉ። ስለዚህ ብረቱን ዙሪያውን አቅፎ በብሎንና በዳዶ የሚጠብቅ ማሰሪያ ይመረጣል፤ ሳጥኑ አሉሚኒየም ከሆነም እርጥበት ባለበት ከብረት ጋር ሲነካካ ስለሚበላ በመካከላቸው ጎማ ማስገባት ይገባል።

ጣሪያ ላይ ፖርቶመጋላ ለመግጠም የሚያስቡ ሰዎች ቢተዉት እመርጣለሁ። የብዙዎቹ ጣሪያ በኮምፔርሳቶ ላይ የተነጠፈ ስስ ሽፋን ነው፤ በቪቲ የተበሳበት ቦታ ማሸጊያው ሲያረጅ ውኃ ያስገባል፣ እንጨቱም ማንም ሳያየው ከውስጥ ይበሰብሳል። ከላይ የተጫነ ክብደት ካራቫኑን በኩርባ ላይ እንደሚያዘነብለውም ግልጽ ነው። ከወለሉ ሥር፣ በሻንሲው ጎን የሚታሰር ባለ ክዳን የፕላስቲክ ቱቦ ግን ለውኃ መስመርና ለድንኳን ምሰሶ ርካሽና ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ከሥሩ ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይኑረው እንጂ።

ጋዝ የሚቀመጥበት ሳጥን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ካመለጠ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ መተንፈሻው ከሳጥኑ ወለል ላይ መሆን፣ ሳጥኑም ከመኖሪያው ክፍል ጋር ምንም ክፍተት የሌለው መሆን አለበት። በአሲድ የሚሠራ ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ የሚወጣው ሃይድሮጅን ግን ከአየር ስለሚቀል መውጫው ከላይ ይሆናል። ባትሪው ብልጭታ ሊፈጥር ስለሚችል ሁለቱን በአንድ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ አደገኛ ነው፤ የጄኔሬተር ቤንዚንም ከሁለቱ ጋር አይቀመጥ።

ክብደቱን ማወቅ ደግሞ ከባድ ሥራ አይደለም። ለጉዞ የተጫነውን ካራቫን ወደ ከባድ መኪና ሚዛን ወስዶ መጀመሪያ ከመኪናው አላቆ ብቻውን መመዘን፣ ቀጥሎ ከመኪናው ጋር አገናኝቶ የካራቫኑን ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ አድርጎ መመዘን ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመጋጠሚያው ጫና ነው። ሳጥኑ ከተገጠመና ከተሞላ በኋላም ይኸው ይደገም።

ጋዜጣችሁ ወደፊት ስለ እነዚህ ዕቃዎች ሲጽፍ ከዋጋቸውና ከመልካቸው ጋር የባዶ ክብደታቸውን፣ አምራቹ የፈቀደውን የጭነት ልክና ሊታሰሩበት የሚገባውን ቦታ አብሮ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። ሳጥን ሻጮችም ይህንኑ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በማይለቅ ጽሑፍ ቢለጥፉ፣ ካራቫኑ ከሰው ወደ ሰው ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት ምን ያህል መጫን እንደሚችል ከዕቃው ላይ ማንበብ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ